ኳስ በፓርላማ፦ ሕግ እስከ ሜዳው በር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ እግር ኳስ ነው፤ ስለ ግብና ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ግን አናወራም። የምናነሳው ኳስ ፓርላማ የሚገባበትን መንገድ ነው። ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች የበጀቱ፣ የጤናውና የትምህርቱ ጉዳይ ተቆልሎ እየጠበቃቸው ስለ ክለብና ስለ ስታዲየም ለምን ይከራከራሉ? ተከራክረውስ ምን ያመጣሉ?

ምሳሌ የምናደርገው የእንግሊዝን ፓርላማ ነው። አንደኛ፣ ይህ ፓርላማ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለ ኳስ ሕግ ሲያወጣና ሲያሻሽል ኖሯል። ሁለተኛ፣ ክለቦቹን እናውቃቸዋለን። አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና ቼልሲ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር፣ ከሐዋሳ እስከ ድሬዳዋ ደጋፊ አላቸው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በእንግሊዝ ፓርላማ ኳስ በብዙ መልክ ይነሳል። ሮብ ቀትር ላይ እንደራሴዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩን በሚጠይቁበት ሰዓት አንዱ ተነስቶ የወረዳውን ክለብ እንኳን ደስ ያለህ ይልለታል፤ ሌላው በተቃራኒ ቡድን ሽንፈት ይቀልዳል። በጽሑፍ ቀርበው ፊርማ የሚሰበሰብባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለክርክር የማይደርሱ የውሳኔ ሐሳቦችም አሉ። እስከዚህ ያለው ጨዋታ ነው፤ መራጩን ደስ ከማሰኘት አያልፍም። ቁም ነገሩ የሚመጣው ኮሚቴዎች የክለብና የሊግ ኃላፊዎችን ጠርተው ሲመረምሩ፣ ሚኒስትር ለምክር ቤቱ መግለጫ ሲሰጥ፣ ከሁሉም በላይ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ነው።

ረቂቅ ሕግ እንዲቀርብ ያደረጉትን ምክንያቶች ብንመረምር ሦስት ጉዳዮች ላይ እናርፋለን። የሰው ሕይወት፣ የክለብ ባለቤትነትና ጨዋታውን የማየት መብት ናቸው። በየተራ እንያቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሰው ሕይወት እንጀምር። በ1971 መባቻ፣ በስኮትላንድ ግላስጎው፣ ኢብሮክስ ስታዲየም ከጨዋታ ሲወጣ የነበረ ሕዝብ ደረጃ ላይ ተረጋግጦ 66 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በ1975 የስታዲየም ደኅንነት ሕግ ወጣ። በሜይ 1985 ደግሞ በብራድፎርድ ከእንጨት በተሠራ ትሪቡን ላይ በተነሳ እሳት 56 ሰዎች አለቁ፤ ሕጉ እንደገና ተጠናከረ። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጊዜ ሕጉ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። የእኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ትልቁ ግን ሂልስቦሮ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሼፊልድ ከተማ፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበራቸው። የሊቨርፑል ደጋፊዎች በሚገቡበት በኩል በሮቹ ጥቂትና ጠባብ ስለነበሩ ውጭ ግፊያው በረታ። ፖሊስ ግፊያውን ለማስተንፈስ አንድ የመውጫ በር ከፈተ። የገባው ሕዝብ ፊት ለፊቱ ባገኘው መተላለፊያ አድርጎ አስቀድመው ወደ ሞሉት ሁለት የመሐል ክፍሎች ጎረፈ። ክፍሎቹ ሰው ቆሞ የሚያይባቸው፣ ዙሪያቸውን በብረት የታጠሩ ነበሩ። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ቦታ ነበራቸው፤ መተላለፊያውን ዘግቶ ሰዉን ወደዚያ የመራ ግን አልነበረም። ከፊት ደግሞ ደጋፊ ወደ ሜዳ እንዳይዘል የቆመ የብረት አጥር ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ገብቶ የሚያውቅ አድማጭ የግፊያን ጉልበት ያውቀዋል፤ እዚያ ግን መውጫ አልነበረም። ጨዋታው በ6ኛው ደቂቃ ተቋረጠ። የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደርሷል። 97ኛው ሰው ያረፈው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በዚያን ቀን በደረሰበት ጉዳት ሳቢያ ነው።

አደጋው በደረሰበት ወቅት የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ስለ ኳስ ያዘጋጀው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ነበር። ረቂቁ ደጋፊ ሁሉ መታወቂያ ካርድ ሳይዝ ስታዲየም እንዳይገባ የሚያዝ ነበር። የተጻፈው ረብሻን ለመከላከል ነው፤ ደጋፊው የሚታየው እንደ ተጠርጣሪ ነበር። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ቴይለር ግን ጣታቸውን የቀሰሩት በፖሊስ አመራር ጉድለት ላይ ነው። በጃንዋሪ 1990 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርትም የካርዱን ዕቅድ አልደገፉም፤ ይልቁንም በትልልቅ ስታዲየሞች ሁሉም ሰው ተቀምጦ እንዲያይ መከሩ። መንግሥት ካርዱን ተወው። የሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ስታዲየሞች ወንበር እንዲገባባቸው ተደረገ። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናያቸው ባለ ወንበር ስታዲየሞች የዚያ ውሳኔ ውጤት ናቸው።

ረቂቁ ግን በዚያው በ1989 ሕግ ሆኖ ስለነበር፣ ከእሱ አንድ ነገር ሳይጣል ቀረ። ስታዲየሞች ተመልካች ለማስገባት ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ፈቃዱን የሚሰጥ ራሱን የቻለ አካልም እንዲኖር ያደርግ ነበር። ይህቺን «ፈቃድ» የምትባል ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ፓርላማው በሂልስቦሮ ጉዳይ የፈጸመው ሌላም ሥራ አለ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ለሃያ ዓመት «እውነቱ ይውጣ» ሲሉ ቆዩ። በ2009 የአደጋው 20ኛ ዓመት ሲታሰብ የባህል ሚኒስትሩ አንዲ በርነም በሊቨርፑል ስታዲየም በአንፊልድ ንግግር ሲያደርጉ ሕዝቡ «ፍትሕ!» እያለ አቋረጣቸው። ሚኒስትሩም ነገሩን ይዘው ወደ ካቢኔው ሄዱ። በ2011 ከ100,000 በላይ ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ጉዳዩን ለክርክር አደረሰው። በዚያ ክርክር የሊቨርፑል ወረዳ ተመራጭ ስቲቭ ሮዘራም ተነስተው በወቅቱ የሚታወቁትን የ96 ሟቾች ስም አንድ በአንድ አነበቡ። ፓርላማ ውስጥ የተነገረ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራልና ስማቸው ለዘለቄታው በመንግሥት መዝገብ ገባ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2012፣ የአደጋውን ሰነዶች የመረመረው ገለልተኛ ቡድን 164 የፖሊስ ምስክርነት ቃሎች እንደተለወጡ አጋለጠ። በዚያው ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በምክር ቤቱ ቆመው ቤተሰቦቹን ይቅርታ ጠየቁ። በ2016 ደግሞ የሞት ምርመራ ችሎት ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውን፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንዳልነበረባቸው ወሰነ።

ከሁለተኛው ጉዳይ በፊት አንዲት ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ሕግ ላይ ቃል ሲጎድል ምን እንደሚሆን ታሳየናለች። በ1991 የወጣ ሕግ ስታዲየም ውስጥ ዘረኛ ጩኸት ማሰማትን ወንጀል አደረገ። ችግሩ አተረጓጎሙ ላይ ነበር። ሕጉ «ጩኸት» ያለው ከሌላ ሰው ጋር ሆነው የሚያሰሙትን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ተነስቶ ጥቁር ተጫዋችን ቢሰድብ፣ በዚህ አንቀጽ አይያዝም። ቀዳዳው የተደፈነው ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1999 ማሻሻያ «ብቻውንም ቢሆን» የሚል ሲገባበት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። ክለብ የማን ነው? የገዛው ሰው ነው ወይስ ለሦስትና ለአራት ትውልድ ሲደግፈው የኖረው ከተማ?

በማንቸስተር አቅራቢያ ቤሪ የምትባል ከተማ አለች። በ1885 የተመሠረተው ክለቧ የኤፍ ኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ ያነሳ ነው። በዲሴምበር 2018 አንድ ነጋዴ ይህን ክለብ በ1 ፓውንድ ገዛው። ተሳስቼ አይደለም፣ በአንድ ፓውንድ ነው። ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር፤ አዲሱ ባለቤትም በቂ ገንዘብ እንዳለው ሊጉን ማሳመን አልቻለም። ኦገስት 27 ቀን 2019 የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አዲስ ገዢ ሊመጣ ነው ተባለና ደጋፊዎች መጥረጊያ ይዘው ስታዲየሙን ሊያጸዱ ገቡ። ወንበር እየወለወሉ ሳለ ገዢው ሐሳቡን ቀየረ። በዚያው ምሽት ቤሪ 125 ዓመት ከቆየበት ሊግ ተባረረ።

ቤሪ ላይ የደረሰው ነገር ፓርላማውን በሁለት መንገድ ነካው። የምክር ቤቱ የስፖርት ኮሚቴ የሊጉን ኃላፊዎች አስቀርቦ ሽያጩ ያለ በቂ ማጣሪያ እንዴት እንዳለፈ ጠየቀ። በዲሴምበር 2019 ምርጫ ደግሞ የቤሪ ሰሜን የፓርላማ ወንበር ከሌበር ፓርቲ ወደ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የተዛወረው በ105 ድምፅ ብልጫ ነው። ኳስ ብቻውን ወሰነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ105 ድምፅ በሚሸነፉበት አገር ክለቡን ያጣ መራጭን ቅሬታ የሚንቅ ፖለቲከኛ አይገኝም። ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ በዚያው ምርጫ ደጋፊዎች የሚሳተፉበት የእግር ኳስ አስተዳደር ግምገማ አካሂዳለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።

ቃሉን እንዲፈጽም ያስገደደው ግን ሱፐር ሊግ ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 2021፣ እሑድ ማታ፣ 12 የአውሮፓ ክለቦች የራሳችንን ሊግ ልናቋቁም ነው አሉ። ስድስቱ የእንግሊዝ ነበሩ፤ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ማንቸስተር ዩናይትድና ቶተንሃም። በማግስቱ ሰኞ የባህል ሚኒስትሩ ኦሊቨር ዳውደን ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው መንግሥት ለማስቆም ማንኛውንም አማራጭ እንደሚያይ ተናገሩ፤ የተባለውንም ግምገማ የቀድሞዋ የስፖርት ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች እንዲመሩት አስታወቁ። ማክሰኞ ማታ ስድስቱም ክለቦች ወደኋላ አሉ። የደጋፊው ቁጣ፣ የተጫዋቾቹ ተቃውሞና የመንግሥት ማስፈራሪያ በአንድነት የሠሩት ነው።

ሌላም ፈተና ተከተለ። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት የፓርላማ አባሉ ክሪስ ብራያንት የቼልሲን ባለቤት ሮማን አብራሞቪችን የሚመለከት የመንግሥት ሰነድ ጠቅሰው ክለቡ በእጃቸው ሊቆይ ይገባል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ይህን ከምክር ቤቱ ውጭ ቢናገሩት በስም ማጥፋት ሊከሰሱ ይችሉ ነበር፤ በምክር ቤቱ ውስጥ የተናገሩት ግን ከክስ የተጠበቀ ነው። በማርች 2022 መንግሥት የባለቤቱን ሀብት ሲያግድ ክለቡ በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ማልያ መሸጥ አቆመ። ለአንድ የሜዳ ውጭ ጨዋታ የሚያወጣው የጉዞ ወጪ ከ20,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ የዓለም ክለቦች ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ነው እንግዲህ ስለ አውቶቡስና ስለ ሆቴል ሂሳብ የሚጨነቀው! በሜይ ክለቡ በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተሸጠ።

የክራውች ግምገማ በኖቬምበር 2021 ወጣ፤ 47 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ዋናው፣ ራሱን የቻለ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ በሕግ ይቋቋም የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው የፓርላማ ፖለቲካን ለሚማር ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። በማርች 2024 ረቂቁን ያቀረበው የሪሺ ሱናክ ኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ነበር። ምርጫ ተጠራና ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ያሸነፈው ሌበር ረቂቁን አሻሽሎ በኦክቶበር 2024 በላይኛው፣ በሎርዶች ምክር ቤት በኩል መለሰው። አሁን ግን ሐሳቡን ያመነጩት ኮንሰርቫቲቮች ተቃዋሚ ሆነው ቁጭ አሉ፤ ቁጥጥሩ በዝቷል፣ ወጪው ደጋፊው ላይ ይወድቃል አሉ። በሎርዶች ምክር ቤት የዌስትሃም ክለብ ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት ባሮነስ ካረን ብሬዲ የፕሪሚየር ሊጉን ገቢና ተወዳዳሪነት ይጎዳል ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። በጁላይ 2025 ረቂቁ በታችኛው ምክር ቤት በ415 ድጋፍና በ98 ተቃውሞ አለፈ፤ በዚያው ወርም የንጉሡን ይሁንታ አግኝቶ ሕግ ሆነ።

ሕጉ ምን ይላል? ያዙልኝ ያልኳችሁ ፈቃድ እዚህ ጋ ተመልሶ ይመጣል። በ1989 ፈቃድ የሚያወጣው ስታዲየሙ ነበር፤ አሁን ክለቡ ራሱ ነው። ከላይ እስከ አምስተኛው ዲቪዚዮን ያሉ 116 የወንዶች ክለቦች ለመጫወት ከተቆጣጣሪው ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ፈቃድ የሚፈልግ ክለብ የገንዘብ ዕቅዱን ያሳያል፤ አዲስ ባለቤት ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያስረዳል። ስታዲየሙን ለመሸጥ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ማስፈቀድ ግዴታ ነው። አርማንና የማልያ ቀለምን ለመቀየር አብዛኛው ደጋፊ መስማማቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ በ2012 የካርዲፍ ሲቲ ባለቤት የክለቡን ሰማያዊ ማልያ ቀይ አድርገውት፣ ደጋፊው ሰማያዊውን ያገኘው ከሁለት ዓመት በላይ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። እንደ ሱፐር ሊግ ባለ የተከለከለ ውድድር መግባትም አይቻልም።

ሕጉ የማይነካውንም እንወቅ። ተቆጣጣሪው ስለ ዳኛ፣ ስለ ቪ ኤ አር፣ ስለ ተጫዋች ዝውውር አያገባውም። ቡድናችሁ በፍጹም ቅጣት ምት ቢሸነፍ አቤት የምትሉበት ቢሮ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ጉዳይ ጨዋታውን የማየት መብት ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1996 የወጣው የብሮድካስት ሕግ አንዳንድ ውድድሮች በነጻ በሚታይ ቴሌቪዥን መተላለፍ እንዲችሉ ጥበቃ ያደርጋል። የዓለም ዋንጫ፣ የአውሮፓ ዋንጫና የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ፊፋና ዩኤፋ ውድድሩ ሁሉ በነጻ ይታይ መባሉ ገቢያችንን ይጎዳል ብለው እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ በ2013 ተረቱ።

ፕሪሚየር ሊጉ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ሂሳብ ከፍለን እንደምናየው እንግሊዛዊውም ከፍሎ ነው የሚያየው። እንዲያውም እኛ የምንበልጠው ጊዜ አለ። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚጀመሩ ጨዋታዎች በአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፉም፤ ሰው ስታዲየም መሄዱን እንዳይተው ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ያለ ደጋፊ በቀጥታ የሚያየውን ጨዋታ የለንደኑ ደጋፊ ቤቱ ሆኖ ማየት አይችልም ማለት ነው። ይህ ገደብ የኳስ አስተዳዳሪዎቹ የራሳቸው ደንብ ነው፤ ፓርላማ ያወጣው አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ዋናውን ጥያቄ እናንሳ። መንግሥት ኳስ ውስጥ እጁን የሚያስገባው እስከ የት ነው?

የፊፋ ደንብ የአገር ፌዴሬሽኖች ከሦስተኛ ወገን ጣልቃ ገብነት ነጻ ሆነው እንዲመሩ ያዛል። ይህን ደንብ ኢትዮጵያ በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። በ2008 በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሳው ውዝግብ ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ። ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታንያ ጋር በአንድ ምድብ የነበረው ብሔራዊ ቡድናችን ውጤቱ ተሰርዞ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወጣ። የቢሮ ጠብ ተጫዋቹን ከሜዳ አስወጣው። ለእንግሊዝም ቢሆን በ2024 ዩኤፋ የመንግሥት ጣልቃ ገብነት እንዳይኖር የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ልኳል። በመጀመሪያው ረቂቅ ተቆጣጣሪው የክለብ ገዢን ሲመረምር የመንግሥትን የውጭና የንግድ ፖሊሲ ከግምት ያስገባ የሚል ሐረግ ነበረ፤ ሌበር ባቀረበው ረቂቅ ውስጥ ሐረጉ ወጥቷል።

«ራሱን የቻለ» ማለት ደግሞ ለመናገር የሚቀል፣ ለማድረግ የሚከብድ ነገር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የለየላቸው የአርሰናል ደጋፊ ናቸው፤ መንግሥታቸው የኳስ ሕግ እያዘጋጀ እሳቸው በክለቡ የክብር መቀመጫ መስተናገዳቸው በ2024 ብዙ አነጋግሯል። ለተቆጣጣሪው ሊቀመንበርነት የተመረጡት ዴቪድ ኮገንም ለሌበር ፓርቲ ገንዘብ የለገሱ ሰው ናቸው። የሾሟቸው ሚኒስትር ሊሳ ናንዲ ኮገን ለእሳቸውም የፓርቲ አመራር ውድድር መዋጮ ማድረጋቸውን አስቀድመው ባለመግለጻቸው በ2025 ይቅርታ ጠይቀዋል። ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠር ፓርላማ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው። መታወቂያ ካርዱ ከሸፈ፤ ፈቃዱ ግን 36 ዓመት ቆይቶ ሰፋ። ካርዱ ሥልጣን የሌለውን ደጋፊ የሚጠራጠር ሕግ ነበር። ፈቃዱ ሥልጣንና ገንዘብ ያለውን ስታዲየሙን፣ ባለቤቱን፣ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቅ ነው። መንግሥት እስከ ሜዳው በር መጥቶ «ይህ ቤት ለሰው ደኅና ነው? ገንዘቡስ ንጹሕ ነው?» ማለት ይችላል። ከበሩ ወዲያ ያለው የፌዴሬሽኑ፣ የዳኛውና የተጫዋቹ ነው።

ይህ ወደ አገራችን ሲመጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በእንግሊዝ የሚያስቸግረው የግል ባለሀብት ነው። በእኛ ፕሪሚየር ሊግ ግን ብዙዎቹ ክለቦች የሚንቀሳቀሱት በሕዝብ ገንዘብ ነው። ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። የተጫዋቹ ደመወዝ የሚከፈለው ከከተማ በጀትና ከመንግሥት ተቋም ካዝና ነው። ስታዲየምም እንዲሁ። ብሔራዊ ቡድናችን በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው በማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ በአገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ። ደጋፊው ያን ድል በቴሌቪዥን ነው ያየው።

እንግዲህ የእኛ እንደራሴዎችም ሆኑ የከተማ ምክር ቤት አባላት ኳስን ማንሳታቸው ከሥራቸው መውጣት አይደለም፤ በጀት ያጸደቀ ሰው በጀቱ የት እንደገባ መጠየቅ ግዴታው ነው። ክለባችን ዘንድሮ ስንት ተመደበለት? ከዚያ ውስጥ ለታዳጊዎች የዋለው ስንት ነው? ተጫዋቾቹ ደመወዛቸውን በወቅቱ አግኝተዋል? ስታዲየሙ በዓመት በዓል ቀን ሲሞላ የመውጫ በሮቹ ሁሉ የሚከፈቱ መሆናቸውን ማን አረጋገጠ? እነዚህን ለመጠየቅ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አሠልጣኝ ማስመረጥ ወይም ፌዴሬሽን ማፍረስም አይደሉም። ዓመታዊው ሪፖርት ለቋሚ ኮሚቴ ወይም ለከተማችሁ ምክር ቤት ሲቀርብ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይበቃል። እናንተም ወኪላችሁን ስታገኙ ጠይቁልን ማለት ትችላላችሁ። ሂልስቦሮም ቤሪም ያስተማሩት፣ ጥያቄው ከአደጋው በፊት ሲነሳ ዋጋው ርካሽ መሆኑን ነው።

ዝግጅታችንን በዚሁ እናበቃለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)